በአነስተኛ በጀት የተሠሩ የጫካ ስላሸር ፊልሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ፊልሞች እወዳቸዋለሁ። ስለምወዳቸውም ሳይታዩ ሲናቁ ይከፋኛል፤ ሳይገባቸው ሲወደሱም እንደዚያው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከአስፈሪ ፊልም ተመልካቾች አፍ የማይጠፉ ናቸው። መልሶቹ ወዲያና ወዲህ ቢሄዱም ሚዛኔ አንድ ነው፦ ገንዘብ የሚጠይቀውን ጉድለት አልፋለሁ፤ ሐሳብና ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቀውን ግን አላልፍም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጫካ ስላሸር ሲባል ምን ዓይነት ፊልም ነው?

ስላሸር አንድ ገዳይ፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ቤተሰብ፣ የተወሰኑ ሰዎችን አንድ በአንድ እያሳደደ የሚገድልበት አስፈሪ ፊልም ነው። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ስለት ነው። የጫካው ዓይነት ታሪኩን ከከተማ ያወጣዋል፦ የበጋ ካምፕ፣ የእንጨት ጎጆ፣ የተተወ እርሻ፣ መኪና የሚበላሽበት ጭር ያለ መንገድ። በከተማው ስላሸር ገዳዩ ሰው ቤት ሰብሮ ይገባል። በጫካው ግን እንግዶቹ ሟቾቹ ናቸው፤ አገሩም፣ መንገዱም፣ ጨለማውም የገዳዩ ነው። ፍርሃቱ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ለምንድን ነው በጀታቸው እንዲህ ትንሽ የሆነው?

ጫካ ብዙ ወጪ ስለማይጠይቅ ነው። ስቱዲዮ መገንባት የለም፣ የከተማ መንገድ ማዘጋት የለም፣ ታዋቂ ተዋናይም የግድ አይደለም። ስድስት ሰባት ሰው፣ አንድ አሮጌ ቤትና አንድ ጭንብል ካለ ሥራው ይጀመራል። በዚህ ምክንያት ለጀማሪ ዳይሬክተሮች መግቢያ በር ሆኖ ቆይቷል።

ትርፉም ያጓጓል። «ፍራይዴይ ዘ ሰርቲንዝ» በ1980 ሲወጣ የፈጀው ወደ 550 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። የተቀረጸው ኒው ጀርሲ ውስጥ በሚገኝ እውነተኛ የስካውት ካምፕ ሲሆን፣ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ብቻ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። በ1999 ደግሞ «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» መጣ። ሦስት ተዋናዮች ካሜራውን ራሳቸው ይዘው ሜሪላንድ ጫካ ውስጥ ስምንት ቀን ቀረጹት፤ ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ወደ 248 ሚሊዮን ዶላር አመጣ። እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ሰው አሳስተዋል። ርካሽ ስለነበሩ የተሳካላቸው የሚመስለው ሰው ካሜራ ተከራይቶ ጫካ ይገባል፤ የሚያወጣው ፊልም ግን ጫካውን እንኳ በቅጡ አያሳይም።

ብልሃት ገንዘብን እንዴት እንደሚተካ ማየት ለሚፈልግ ሳም ሬይሚ ቴነሲ ውስጥ የሠራው «ዘ ኢቪል ዴድ» ጥሩ ማስረጃ ነው። ክፉው ነገር ሰው ሳይሆን መንፈስ ስለሆነ በትክክል ስላሸር አይባልም፤ ለጫካው ፊልም ያስተማረው ግን ብዙ ነው። ውድ የካሜራ ማረጋጊያ መግዛት ስላልቻሉ ካሜራውን ሳንቃ ላይ አሰሩት፣ ሁለት ሰዎች ሳንቃውን ግራና ቀኝ ይዘው በዛፎቹ መካከል ሮጡ። መሬት ለመሬት እየተምዘገዘገ የሚመጣው የማይታይ ነገር የተወለደው እንዲህ ነው። ቅጠሉ ካሜራውን እየገረፈው ሲያልፍ ዛሬም ያስበረግጋል።

ርካሽ ፊልምን ከመጥፎ ፊልም እንዴት ልለይ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

መጀመሪያ ጆሮ ይስጡት። ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ንግግሩ ጥርት ካለ ተመልካች ይታገሣል። ምስሉ አምሮ ንግግሩ ከጉድጓድ የሚወጣ ከመሰለ ግን ማንም አይታገሥም። በደካማ ፊልም ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ልብ ብለው ይስሙ፦ አንዱ ሲናገር የፌንጣው ድምፅ ይሰማል፣ ካሜራው ወደ ሌላው ሲዞር ፌንጣው በአንድ ጊዜ ይጠፋል። የቦታውን ባዶ ድምፅ አንድ ሁለት ደቂቃ ለብቻው ቀድቶ ከሥር ማንጠፍ ይህን ያስተካክለው ነበር። ትንሽ ዝምታና ትንሽ ጥንቃቄ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። ሙዚቃም እንዲሁ ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ካርፔንተር በ1978 «ሃሎዊን» የተባለውን ፊልሙን ሙዚቃ ራሱ ነው የሠራው፤ የሚደጋገሙት ጥቂት የፒያኖ ኖታዎች እስከ ዛሬ ሰው ያውቃቸዋል።

ቀጥሎ ቦታውን ይመልከቱ። ጎጆው ከሐይቁ በየት በኩል ነው? መኪናው የት ቆመ? ዋናው መንገድ ምን ያህል ይርቃል? ጥሩ ዳይሬክተር ይህን በቀን ብርሃን፣ ሁሉም ሰው ደኅና ሆኖ እየሳቀ ሳለ ያሳየናል። ማታ ልጅቷ ከቤት ስትወጣ ወደ መኪናው ነው ወይስ ከመኪናው እየራቀች ነው የምትሮጠው የሚለውን እናውቃለን፤ ስለምናውቅም እንጨነቃለን። ቦታው ካልተገለጠልን ሩጫው ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ሥር የሚደረግ ሩጫ ይሆናል። ብዙ ዝቅተኛ ነጥብ የተሰጣቸውን ፊልሞች የገደላቸው ይህ ነው፤ ተመልካቹ ግን «አሰልቺ ነው» ብሎ ያልፈዋል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም።

ሦስተኛው ጨለማው ነው። ሌሊት መብራት ውድ ነው፣ እውነት ነው። ግን ሁሉም ነገር ሌሊት መሆን አለበት ያለው ማን ነው? ቶብ ሁፐር በ1974 ያወጣውን «ዘ ቴክሳስ ቼይን ሶው ማሳከር» (የቴክሳስ የሞተር መጋዝ ጭፍጨፋ) ይመልከቱ። አንድ ወጣት ነዳጅ ለመጠየቅ ወደ አንድ ቤት ይሄዳል። ጠራራ ፀሐይ ነው። ያንኳኳል፣ ይጣራል፣ መልስ የለም። ከውስጥ የአሳማ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ ከኮሪደሩ ማዶ የእንስሳት ራስ ቅል የተሰቀለበት ቀይ ግድግዳ ይታያል። ገባ ሲል ይደናቀፋል፣ ቀና ሲል ጭንብል ያጠለቀ ግዙፍ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። መዶሻው ያርፋል። ወጣቱ ወድቆ እግሮቹ ይንፈራገጣሉ፤ ሰውዬው ጎትቶ ያስገባውና የብረቱን ተንሸራታች በር በኃይል ይዘጋዋል። ካሜራው ዘልሎ አይጠጋም፣ ሙዚቃም ተዘጋጁ አይለንም፤ ሁሉም ነገር በሰከንዶች ውስጥ አልቋል። መዶሻ፣ በርና ፀሐይ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው መቼ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው።

ትወናን በተመለከተ ለዘብ እላለሁ። ልምድ የሌለው ተዋናይ ረጅም ንግግር ሲሰጠው ይንገዳገዳል፤ ጥፋቱ ንግግሩን የጻፈው ሰው ነው። አጭር ንግግርና የሚሠራ እጅ (እሳት የሚያነድ፣ ድንኳን የሚተክል) ለጀማሪ ተዋናይ ትልቅ እርዳታ ነው።

ገፀ ባሕርያቱ ለምን እንዲህ ሞኝ ይሆናሉ?

የፈራ ሰው ሞኝ ነገር ያደርጋል። ይህን እቀበላለሁ፤ ቁልፍ ከእጅ ይወድቃል፣ ሰው ወደ ተሳሳተ በር ይሮጣል። የማልቀበለው ገና ምንም ሳይፈራ የሚሞኘውን ነው። ጓደኛው ከጠፋ ሦስት ሰዓት ሆኖት እየቀለደ ቢራ የሚከፍት ሰው የፈራ ሳይሆን ጸሐፊው የረሳው ሰው ነው።

ስልኩም እዚሁ ይነሳል። ኔትወርክ የለም የሚለው መፍትሔ ጫካ ውስጥ የሚታመን ቢሆንም፣ ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ መዞር በጣም ስለተደጋገመ ተመልካች ገና ሲያየው ያዝናል። ፈጥኖ መጥቀስና ማለፍ ይሻላል።

ነጥቡ ከ10 4 ነው። ልተወው?

በነጥቡ ብቻ አይተዉት። አስፈሪ ፊልም ከሌላው ዘርፍ ዝቅ ያለ ነጥብ ማግኘቱ የተለመደ ነው። ሲኒማስኮር የሚባለው ድርጅት ፊልሙ በተከፈተበት ምሽት ከሲኒማ ቤት የሚወጡ ሰዎችን እየጠየቀ ከኤ እስከ ኤፍ ደረጃ ይሰጣል፤ «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ያን ሁሉ ገንዘብ እያስገባ ያገኘው ሲ ፕላስ ነበር። ሰዎቹ በርዕሱ የተጠቀሰችውን ጠንቋይ እናያለን ብለው ገብተው አላዩዋትም። ደረጃው የለካው የጠበቁትንና ያገኙትን ርቀት ነው።

ስለዚህ ከአማካዩ ይልቅ ሥርጭቱን ይመልከቱ። አብዛኛው ሰው 4 እና 5 ከሰጠ ፊልሙ ምናልባት የደከመ ነው። ግማሹ 1፣ ግማሹ 7 ሰጥቶ አማካዩ 4 ከሆነ ግን ፊልሙ አንድ ነገር ለማድረግ ደፍሯል፤ እኔ እንዲህ ያለውን ሳላይ አላልፍም። ትንሽ ድምፅ ባለው ፊልም ላይ መጀመሪያ የሚመጡት 10ሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሠራተኞቹና የወዳጆቻቸው ናቸው፤ ከነሱ በኋላ በቁጣ የሚመጡት 1ዶችም ያን ያህል አይታመኑም። እውነቱ ያለው ከ3 እስከ 7 በሰጡትና ምክንያታቸውን በጻፉት ዘንድ ነው።

የሐያስያንን አስተያየት የሚሰበስበው ሮተን ቶሜቶስ የተባለው ድረ ገጽ ላይ የሚያዩት መቶኛም የጥራት ነጥብ አይደለም። ከመቶ ስንቱ ሐያሲ አስተያየቱ አዎንታዊ እንደሆነ ነው የሚናገረው። ሁሉም «ደኅና ነው» ያለው ፊልም 100 በመቶ ሊያገኝ ይችላል፤ ግማሹ ያበደለት ፊልም 50 ላይ ይቀራል።

«በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚለውን ልመን?

በአብዛኛው ማስታወቂያ ነው። የሁፐር ፊልም እንደ እውነተኛ ታሪክ ነው የተሸጠው። ከታሪኩ ጀርባ ያለው ሰው ኤድ ጊን የተባለ ወንጀለኛ ነው፤ በ1957 የተያዘው ግን ቴክሳስ ሳይሆን ዊስኮንሲን ውስጥ ፕሌንፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። መቃብር እየቆፈረ አስከሬን ያወጣ ነበር፤ ከሰው ቆዳ ጭንብል ሠርቷል። የሞተር መጋዝም፣ ሰው በላ ቤተሰብም አልነበረውም። ፊልሙ የወሰደው ጭንብሉንና የቤቱን ድባብ ነው።

አዲስ ርካሽ ፊልም ይህን ጽሑፍ መጀመሪያው ላይ ሲለጥፍ ነጥብ አልጨምርለትም፣ አልቀንስበትምም።

ተዋናዮች በእውነት ተጎድተዋል የሚባለውስ?

አንዳንዱ እውነት ነው። በዚያው የ1974 ፊልም የእራቱ ትዕይንት ከ24 ሰዓት በላይ ያለ እረፍት ተቀርጿል፤ መስኮቱ ተሸፍኖ፣ የቴክሳስ በጋ ከመብራቱ ሙቀት ጋር ተደምሮ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሥጋ እየሸተተ። ዋናዋ ተዋናይት ማሪሊን በርንስ ጣቷ ሲቆረጥ በሚታይበት ቦታ የውሸት ደሙ ቱቦ አልሠራ ስላለ በእውነት ተቆርጣለች።

ይህን እንደ ጀግንነት የሚያወሩ አሉ። እኔ አልስማማም። ፊልሙ ታላቅ የሆነው በዳይሬክተሩ ዓይንና በኤዲቲንጉ ነው፤ የሰው ጣት መቆረጡ አንዳች አልጨመረለትም። ዛሬ በጀት የለኝም የሚል ሰው የሠራተኞቹን እንቅልፍና ደኅንነት ከቆጠበ፣ ያ ፊልም በእኔ ዘንድ ገና ሳይጀመር ወድቋል።

የገጠሩን ሰው ሁልጊዜ ጭራቅ ማድረግ ተገቢ ነው?

አይደለም፤ ዘርፉ ሊጠየቅበት የሚገባው ትልቁ ነገርም ይህ ነው። በአሜሪካ ፊልም ውስጥ በተለይ የአፓላቺያ ተራሮች ሰው ጥርሱ የረገፈ፣ ከዘመዱ የተጋባ፣ እንግዳ የሚበላ ሆኖ ለዓመታት ተሥሏል። ድህነት ራሱ እንደ ወንጀል ምልክት ተቆጥሯል። የተበላሸ ጥርስ ሐኪም ያጣ ሰው ጥርስ ነው እንጂ የገዳይ ጥርስ አይደለም።

ግን ሁሉም ፊልም በአንድ ዓይን አይታይም። በሁፐር ፊልም ያለው ገዳይ ቤተሰብ የቄራ ሠራተኞች ናቸው። ተጓዦቹ መንገድ ላይ በመኪናቸው ያሳፈሩት የዚሁ ቤተሰብ ወጣት አዲሱ የከብት መግደያ መሣሪያ ሰዎችን ከሥራ እንዳስወጣ፣ በመዶሻ መግደል ይሻል እንደነበር ይናገራል። ነዳጅ ማደያው ነዳጅ የለውም። ሰዎቹ አስፈሪ ናቸው፤ ነገር ግን ከሥራቸው የተፈናቀሉ፣ የሚያውቁትን ብቸኛ ሙያ በሰው ላይ የቀጠሉ ሰዎች ናቸው። ይህ ሐሳብ ነው። ባዶ አስቀያሚነት ብቻ የሚያሳይ ፊልም ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

በ2010 የወጣው «ተከር ኤንድ ዴል ቨርሰስ ኢቭል» ጉዳዩን ገልብጦታል፦ ሁለቱ የገጠር ወንዶች ደጎች ናቸው፣ ጎጆአቸውን ለማደስ ነው የመጡት፤ የኮሌጅ ተማሪዎቹ ግን ባዩአቸው ቁጥር ገዳይ መስለዋቸው በራሳቸው ድንጋጤ ይሞታሉ። ኮሜዲ ነው፤ ሆኖም የሚያነሳው ክስ እውነተኛ ነው። አዲስ የጫካ ስላሸር ስመለከት ገዳዩ ለምን እዚያ እንደሚኖርና ከምን እንደሚኖር ፊልሙ አስቦበት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ማሰብ ዶላር አይጠይቅም።

ደሙ የውሸት መሆኑ ያስታውቃል። ይህ ነጥብ ያስቀንሳል?

በኮምፒውተር የተረጨ ከሆነ አዎ። አየር ላይ ብን ብሎ ይጠፋል፤ ልብስ አያርስም፣ እጅ ላይ አይጣበቅም። በበቆሎ ሽሮፕና በምግብ ቀለም የተሠራው የድሮው ደም ሲበዛ ቀለሙ ያስታውቃል፤ ቢሆንም ክብደት አለው፣ ተዋናዩም የሚያዳልጠውን ነገር እየነካ ነው የሚጮኸው።

ደግሞም ደም ብዛት ፍርሃት አይደለም። የሁፐር ፊልም በስሙ ከሚጠበቀው በጣም ያነሰ ደም ነው የሚያሳየው፤ ዳይሬክተሩ ዝቅ ያለ የዕድሜ ገደብ አገኛለሁ ብሎ ተስፋ ያደረገውም ለዚህ ነበር። የእንግሊዝ የፊልም ምደባ ቦርድ ግን ሳይቆረጥ ያሳለፈው በ1999 ነው፤ 25 ዓመት ቆይቶ። ሰው ያላየውን እንዳየ አድርጎ የሚያስምል ፊልም ነበር።

እነዚህ ፊልሞች ሴቶችን ይንቃሉ?

አንዳንዶቹ በግልጽ ይንቃሉ። ሐያስያኑ ጂን ሲስከልና ሮጀር ኢበርት በ1980 በቴሌቪዥን ዘርፉን አጥብቀው የነቀፉት በዚህ ነው። በ1987 ደግሞ ምሁሯ ካሮል ክሎቨር ሌላውን ገጽ አሳየች፦ እስከ መጨረሻ ተርፋ ገዳዩን የምትጋፈጠው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፣ ወንዱ ተመልካችም በእሷ ዓይን ነው የሚፈራው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ፊልሙ የሞተችው ልጅ ስትሞት እንድናዝን ይፈልጋል ወይስ እንድናይ ብቻ? እኔ የምፈርደው በዚህ ነው።

መሃሉ ይጎትታል። ሆን ተብሎ ነው?

ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፦ ቀስ ያለው ትዕይንት ሲያልቅ ከመጀመሩ በፊት የማናውቀውን ምን አወቅን? መኪና ሲሄድ ሦስት ደቂቃ ያሳየን ፊልም አብዛኛውን ጊዜ 80 ደቂቃ ለመሙላት ነው። በ2024 የወጣው የክሪስ ናሽ «ኢን ኤ ቫዮለንት ኔቸር» ግን ገዳዩን ከኋላው እየተከተለ በካናዳ ጫካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይራመዳል፤ የቅጠሉ ኮሽታ ነው ሙዚቃው። ተመልካቹን ለሁለት ከፍሎታል። እኔ ከወደዱት ወገን ነኝ፤ ምክንያቱም ያ እርምጃ ገዳዩ እንደማይቸኩል ያስተምረናል፣ የሚቀድመው ሰው እንደሌለም።

ልጆች ባሉበት ማየት ይቻላል?

አይቻልም። የዕድሜ ገደቡ ባይጻፍበትም።

የመጀመሪያ ፊልሙን የሠራ ሰው ላይ አስተያየት ስጽፍ እንዴት ልጻፍ?

ያዩትን ይጻፉ። «ቆሻሻ ነው» የሚል ቃል ለሠሪውም ለቀጣዩ ተመልካችም አይረዳም። «ከሐይቁ በኋላ ማን የት እንዳለ ጠፋብኝ» የሚለው ግን ይረዳል፤ ሠሪው በሚቀጥለው ሥራው ሊያርመው ይችላል። ጥሩ የሠራውንም በስሙ ይጥሩት፦ አንድ ጥሩ ምት፣ አንድ ጥሩ ጩኸት፣ በትክክለኛው ሰዓት የተዘጋ በር። በ5 ሺህ ዶላር የተሠራውን በ50 ሚሊዮን ከተሠራው ጋር አያወዳድሩ፤ በ5 ሺህ ዶላር ከተሠራ ሌላ ፊልም ጋር ያወዳድሩ። ማን እንደሚተርፍና ገዳዩ ማን እንደሆነ አይናገሩ። ሲስከል በ1980 የ«ፍራይዴይ ዘ ሰርቲንዝ»ን መጨረሻ ሆን ብሎ በጽሑፉ አውጥቶት ነበር፤ ፊልሙን ቢጠላም ይህን ማድረግ አልነበረበትም።

ዘርፉን ጨርሶ አላውቀውም። ከየት ልጀምር?

ከ1974ቱ የሁፐር ፊልም ይጀምሩ፤ ቀን ላይ ይዩት፣ ምንም አይቀንስበትም። ቀጥለው «ዘ ኢቪል ዴድ»ን፣ ከዚያ «ተከር ኤንድ ዴል»ን ይዩ፤ ሦስተኛው የሚያስቀው የመጀመሪያዎቹን ያየ ሰው ነው። «ፍራይዴይ ዘ ሰርቲንዝ»ን ለታሪኩ ሲሉ ይዩት፤ እንደ ፊልም ከሦስቱ ያንሳል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም ያልሰማውን፣ ነጥቡ 4 የሆነውን፣ አንድ ርካሽ የጫካ ስላሸር ይምረጡና በጥሩ ማዳመጫ እስከ መጨረሻው ይዩት።